በሦስት ደረጃ የሚወጣ ሳቅ

እኛ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ያልመጣው ይመረጣል። ዐይኑ እያየ እጁን አውጥቶ «እኔ ልሁን» የሚል የለም፣ የቀረ ሰው ደግሞ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። እኔም አንድ ቀን ጥርሴን አሞኝ ቀረሁና በማግስቱ ጉንጬ አብጦ ስመጣ የተማሪዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል አድርገውኝ ጠበቁኝ። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ስለ አሲድ ከሆነ እስክትሰለቹ ላወራችሁ እችላለሁ፤ ስለ ሰው ጠባይ ግን የማውቀው ነገር ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያናድደኝ ብቻ ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢያችን የሕግ መምህር ነው፤ የሥነ ምግባር ደንቡን ያረቀቀው እሱ ስለሆነ እንደ በኩር ልጁ ነው የሚሳሳለት። የሻይ ብርጭቆ ቢያስቀምጡበት ያመዋል። ሁለተኛዋ የተማሪዎች ተወካይ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ከእኔ ይልቅ ደንቡን ያነበበች ልጅ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ መጨረሻ ስለገባሁ ቃለ ጉባኤ የመያዙ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ።

የዚያን ዕለት የቀረበልን ክስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሳቅ የሚል ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሰብሳቢውን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን ደንቡን ገልጦ ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳረፈልኝ፤ ሆን ብሎ የቤተ መጻሕፍቱን ጸጥታ ያወከ ተማሪ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ከደገመ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ይታገዳል። ሆን ብሎ ካልሆነ በቃል ምክር ይታለፋል። የተከሰሰችው ልጅ ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ወስዳ ጨርሳለች። የመጨረሻ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት፤ ምረቃው ደርሷል። ቤተሰቦቿ ያሉበት ከተማ አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሊያደርጋት ቦታ ይዞላታል፤ ዓመት የሚጠብቃት ግን የለም። በአንድ ሳቅ ይህ ሁሉ ሊቀር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ።

ከሳሹ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው፤ ተማሪዎቹ «ጋሽ ጸጥታ» ይሉታል፣ እኛም ተከትለን እንደዚያው እንለዋለን። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ሲያወራ እንኳ ድምፁን እንዳያባክን የሚሰስት ይመስላል። በዚህ ምድር ላይ አንድ ጠላት አለው፤ የሚጮህ ወንበር። ሲጥጥ የሚል ወንበር አለ እያለ ለጥገና ክፍል ደብዳቤ ይጽፋል፣ አናጢ ያስመጣል፣ ዘይት ያስቀባል፤ አናጢው ተመልሶ ሳይጨርስ ሌላ ወንበር ጮኸ ይላል። የዚያን ዕለትም ትንሽ አርፍዶ የመጣው ከአናጢው ጋር በዚሁ ነገር ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ነው።

የተሰበሰብንበት ክፍል ሰፊ ነው። ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ግን ክፍሉን የለካው ሰው ተሳስቶ ይሁን ልኩን የሰማው፣ ምንጣፉ ከበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛችን ሥር ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ያለው ወለል ባዶ ሴራሚክ ነው። ልጅቷ ከፊታችን ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ ናት። የፈራ ሰው ፊት ነው ያላት፤ ይቺ ልጅ በሕይወቷ ስቃ ታውቃለች ብሎ የሚያምን የለም።

ከጎኗ አባቷ ተቀምጧል። ደንቡ አንድ የቤተሰብ ሰው እንዲያጅባት ይፈቅዳል፤ አጃቢው ግን አይናገርም፣ አይጠይቅም፣ በምልክትም ቢሆን ሐሳቡን አይገልጽም። ሰብሳቢው ይህን አንብቦለት ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው አንገቱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው አንገት መነቅነቅ ምልክት ነው ወይስ አይደለም እያለ ትንሽ ሲያሰላስል ቆየና ለዛሬ ይለፍ ብሎ ተወው። አባትየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ለዛሬ ብሎ ኮት ለብሷል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ፎቶ ሊነሣ የተዘጋጀ ይመስል ድርቅ ብሏል።

ደንቡ ክሱ በከሳሹ አንደበት ሙሉ በሙሉ እንዲነበብ ያዛል። ጋሽ ጸጥታ ከመቀመጫው ተነሥቶ መነጽሩን አስተካከለና አነበበ።

«ተከሳሿ በንባብ ሰዓት፣ መነሻው በውል ያልታወቀና በሦስት ደረጃ የሚወጣ ሳቅ ስቃለች። በመጀመሪያው ደረጃ በአፍንጫ በኩል፣ ከፉጨት የማይተናነስ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። በሁለተኛው ደረጃ ድምፁ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ያበቃ ይመስለዋል። በሦስተኛው ደረጃ የሚወጣውን በጽሑፍ ለመግለጽ የሚቻል ሆኖ አላገኘሁትም፤ እስከ ሁለተኛው ፎቅ መሰማቱን ብቻ አረጋግጣለሁ። ተከሳሿ ይህን የፈጸመችው ሆን ብላ ነው።»

ቃለ ጉባኤውን እየጻፍኩ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩት። ያመመኝ ጥርስ በኩል ስለነበር በደንብ ረዳኝ።

ሰብሳቢው ልጅቷን ስቀሻል ወይ አላት። አዎ ስቄያለሁ አለች። ሦስቱንም ጊዜ? ሦስቱንም ጊዜ። ምን አይተሽ ነው ሲላት ግን ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። አንድ ነገር ሰምታ እንደሆነ፣ ጓደኛ አስቋት እንደሆነ፣ የምታነበው ነገር እንደሆነ እየለዋወጠ ጠየቃት። የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፤ እሷም አለ አላለችም። በመጨረሻ ይህን ጥያቄ እንድንተውላትና የመጣውን ቅጣት እንደምትቀበል ተናገረች። አባቷ ቀለበት እንደጠበበው ጣት ፊቱ ቀላ።

እኔ በበኩሌ በሸቅሁ። አንድ ዓመቷ ገደል ሊገባ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ መገላገል ሲቻል፣ ይሄ ምን የሚሉት ግትርነት ነው አልኩ በሆዴ። ሰብሳቢው ደግሞ በትዕግሥት አስረዳት፤ ምክንያት የሌለው ሳቅ፣ ያውም በአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከመባል ሌላ መንገድ የለውም። የተማሪዎች ተወካይዋን ዘወር ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። የምታውቂው ነገር አለ እንዴ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት። አባል ምስክር መሆን አይችልም ብላ ጆሮዬ ላይ የአንቀጹን ቁጥር ነገረችኝ። ነገሩን ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው፤ የማናውቀው እኛ ነን። እውነቱን ለመናገር እኔ ቤተ መጻሕፍቱን ከረገጥኩት ስንት ጊዜዬ።

ያኔ ጋሽ ጸጥታ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እኔ ስቀርብ ነው የሚብስባት። ዝም እንድትል ልነግራት ስሄድ ጭራሽ ይፈነዳል። በእኔ ነው የምትስቀው። ሰው ሲስቅብኝ የማይገባኝ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ። አሳዘነኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ክሱን የጻፈው ወግ አጥባቂ ስለሆነ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ሰውዬው ተጎድቷል። ልጅቷም ቀና አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«በእርስዎ አልሳቅኩም ጋሼ» አለች።

«ታዲያ በምንድነው?»

ደብተሯን መልሳ ደረቷ ላይ አጣበቀች። ሰብሳቢው በረጅሙ ተነፈሰ። ወደ ውሳኔ ከመሄዳችን በፊት ልጅቷ የምትቀመጥበትንና እሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ሰሌዳው ላይ እንዲሥልልን ጋሽ ጸጥታን ጠየቀው። ሥዕሉ ምን እንደሚያደርግለት አልገባኝም፤ ደንቡ «የቦታው ሁኔታ ይጣራል» ስለሚል መሰለኝ።

ጋሽ ጸጥታ ጠመኔ ይዞ ተነሣ። ምንጣፉ ላይ ሳለ ምንም አልተሰማም። ምንጣፉ አልቆ አንድ እግሩ ሴራሚኩ ላይ እንዳረፈ፣ ጫጩት የረገጠ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጲው።

ቆመ። ዘወር ብሎ የሰብሳቢውን ወንበር ትክ ብሎ አየና ይሄ ወንበር መታየት አለበት አለ። ሰብሳቢው ግራ ተጋብቶ ወንበሩን ዳሰሰ። ጋሽ ጸጥታ መንገዱን ቀጠለ። ጲው። ጲው። ጲው። ሰሌዳው ጋ ሲደርስ እንደገና ዞረ፤ አሁን ጣቱን አንሥቷል።

«ሰማችሁ? ይሄ ነው የማልገላገለው። እባካችሁ የምትነቃነቁት ተዉ።»

የተነቃነቀ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠናል። በዚያ ዝምታ መሐል ነው እንግዲህ አንድ ቀጭን ፉጨት የተሰማው። ከአፍንጫ ነው የሚወጣው። ወደ ልጅቷ ዞርኩ፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ዐይኗን ጨፍና፣ በሙሉ ኃይሏ እየታገለች ነው። ድምፁ የእሷ አይደለም። የአባቷ ነው።

ፉጨቱ ጠፋ። የፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ኮቱ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ የግንባሩ ደም ሥር ተገትሯል። ሰብሳቢው አሞታል ብሎ ውሃ ስጡት አለ። እኔ ግን የክሱን ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ ስለነበር ሁለተኛውን ደረጃ እያየሁ መሆኔን አወቅሁ፤ ቀጥሎ የተጻፈውንም በጣቴ ተከተልኩ።

ሦስተኛው ደረጃ መጣ። እኔም በጽሑፍ ለመግለጽ የሚቻል ሆኖ አላገኘሁትም። መስኮቱ ነዝሯል፣ ይህን አረጋግጣለሁ። ልጅቷ አባቷን ስትሰማ የያዘችው ሁሉ አመለጣት፤ ፉጨቷን ጀምራ፣ ጸጥ ብላ፣ እሱ ጋ ደረሰች፤ ሦስተኛውን ደረጃ ሁለቱ አንድ ላይ ወጡት። የተማሪዎች ተወካይዋ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔ ሆዴን ይዤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተደፋሁ። ሰብሳቢው ትንሽ ተከላከለ፤ ደንቡን ፊቱ ላይ ጋርዶ አንቀጽ፣ አንቀጽ እያለ ሲገልጥ ቆየና ገጾቹ መሐል ገብቶ በሳቅ ፈረሰ። በሩ ተንኳኳ። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ አንገቷን አስግጋ ሰው እየሠራ ነው እኮ አለችንና ዘግታው ሄደች።

ያልሳቀው ጋሽ ጸጥታ ብቻ ነው። ጠመኔውን እንደያዘ ሰሌዳው ሥር ቆሟል። ፊቱን ሳየው ሳቄ በአንዴ ደረቀ። አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አነሣ፣ ቀስ ብሎ መለሰው። ጲው። ሌላኛውንም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ አጎንብሶ ጫማውን ረጅም ጊዜ አየው። ክፍሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«ጫማዬ ነው?» አላት።

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ሦስቱንም ጊዜ?»

አንገቷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም፣ ልጄ? ዓመትሽን ልትከፍይ?»

«ሰው ፊት እንዴት ብዬ ጋሼ» አለች። «እርስዎ እኮ ስለ ጸጥታ ብለው ነው የሚለፉት።»

በዚያች ሰዓት አንጀቴን በላችው። ግትር ናት ብዬ በሆዴ የሰደብኳት ልጅ ለካ ሽማግሌ ሰው እንዳይዋረድ ብላ ነው ምላሷን የዋጠችው። ጋሽ ጸጥታ እንደገና ጫማውን አየ። «ስንት ወንበር አሳደስኩ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

አባትየው እንደ ተማሪ ጣቱን አወጣ። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ አጃቢ እንደማይናገር ሊያስታውሰው ጀመረና ራሱ በራሱ አፍሮ እንዲናገር ፈቀደለት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከእኔ ነው የወረሰችው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔም ከእናቴ ነው። ፉጨቱ ሲመጣብኝ ምላጬን አስቀምጣለሁ። ደንበኞቼ ስለሚያውቁኝ ፊታቸው አረፋ እንደሞላ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ ምን ያስቀኛል? ይቅርታ አድርጉልን።»

ጋሽ ጸጥታ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወደ እኛ መጣ፤ ቢሆንም ጮኸበት። ምንጣፉ ላይ ሲደርስ ተነፈሰ። ክሱን ከፊቴ አነሣ፣ እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበውና «ሆን ብላ» የሚለው ይሰረዝልኝ አለ። ሳቁ በሦስት ደረጃ መውጣቱ ግን እውነት ስለሆነ እንዲቆይ ጠየቀ።

ክስ ከተነበበ በኋላ ይታረማል ወይ የሚለው ጥያቄ ሰብሳቢውን አስጨነቀው። ደንቡን አገላብጦ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ከሳሽ እስከ ውሳኔ ድረስ ክሱን ማሻሻል ይችላል የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘ። ራሱ የጻፈው ነው፤ መጻፉን ግን ረስቶታል። ደስታውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበልን። ጋሽ ጸጥታ ሁለቱን ቃላት በቀጥታ መስመር ሰረዛቸው፣ ፈረመ። ያለ እነሱ ደግሞ የቀረው የቃል ምክር ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ለምክሩ ኮቱን ቆለፈ። ሳቅ የተፈጥሮ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የጋራ ነው ብሎ ጀመረና ነገሩን የሚያጠቃልልበት ጠፋው። ያን ጊዜ ጋሽ ጸጥታ ጣልቃ ገባ። እሱ ያስተዋለው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ፋታ አለ፤ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ብትሮጥ በሩ ጋ ትደርሳለች። ቦታዋንም በሩ አጠገብ ሊያደርግላት ቃል ገባ። ከዚህ የተሻለ ምክር ከኮሚቴ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ቀጥሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ምረቃው ዕለት መምህራንና ሠራተኞች ካባ ለብሰን አዳራሹ በር ላይ ስንሰለፍ ጋሽ ጸጥታ ከጎኔ ሆነ። ጫማው አዲስ ነው። ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እየሄደ፣ ሚስቱ ወለሉ ላይ ጆሮዋን ደፍታ እያዳመጠች እንደሞከሩት በኩራት ነገረኝ። ትንፍሽ የማይል ጫማ ነው አለ።

ሙዚቃው ቆመ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ተመራቂዎች ከፊት፣ ቤተሰብ ከላይ ሰገነቱ ላይ። ደንቡ በሰልፉ ጊዜ ፍጹም ጸጥታ ይላልና ሕፃን እንኳ አያለቅስም። መግባት ጀመርን። ወለሉ ለዛሬ ተብሎ እንደ መስታወት ተወልውሏል። ጋሽ ጸጥታ የመጀመሪያ እግሩን አሳረፈ።

ጲው።

ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጫማው አይደለም ለካ፣ አረማመዱ ነው። በጣቱ ጫፍ ሊሄድ ተረከዙን አነሣ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተረከዙን መለሰው፣ ክንዴን ለቀቀ፣ ደረቱን ነፋና ሙሉ እግሩን እየረገጠ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠው። ጲው፣ ጲው፣ ጲው። ወንበራችን ላይ ደርሰን ስንቀመጥ ከተመራቂዎቹ መሐል ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ወዲያው ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ ሌላ ፉጨት መለሰለት።

ሁለቱም ጠፉ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ያበቃ መስሏቸው ንግግራቸውን ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ጋሽ ጸጥታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ቆይ» አለኝ፣ «ሦስተኛው ገና ነው።»

መነጽሩን አወለቀና ኪሱ ከተተው።